የአፋር ምድር ምስል ከሩቅ ክላስተር፦ ከካራቆሬ እስከ ፈንታሌ

የአፋርን ስምጥ ሸለቆ ሳይንሳዊ ምስል የሚሠራው ማሽንና ምስሉ የሚያሳየው ምድር ከመጀመሪያው ጀምሮ ተራርቀው የኖሩ ናቸው። ባቲ የምድሩ መግቢያ ናት። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ቁልቁለት ወገብ ላይ ተቀምጣለች። አፋሩ ግመልና ፍየሉን፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዘው በሰኞ ገበያዋ የሚገናኙት ደጋና ቆላ የሚዋሰኑት እዚያ በመሆኑ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ የቦርከና ወንዝ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የሚፈስበት ለጥ ያለ ሜዳ ራሱ፣ የስምጡ ጠርዝ ሲሰነጠቅ ወደ ታች የሰመጠ መሬት ነው። ከባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ቅሪተ አካል ወደሚፈለግባቸው ወደ ሐዳርና ወደ ዲኪካ የሚሄዱ ተመራማሪዎች ሲመላለሱበት ኖሯል። በአፋር ቆላ የተለካው ሁሉ መጀመሪያ በወረቀት፣ ኋላ በዲስክ፣ አሁን በኔትወርክ ወደ ሩቅ ማሽን ተጉዟል። ምስሉ መልሶ ወደዚህ አገር እንዴት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ያገኘው ዘግይቶ ነው።

በኢትዮጵያ የምድርን እንቅስቃሴ በመሣሪያ መከታተል የተጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1957–58ቱ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ነው። አዲስ አበባ ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ እንዲቆምባት ተመረጠች። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመውን ኦብዘርቫቶሪ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዋን መሩት፤ ብዙም ሳይቆይ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ተጨመረለት።

መመዝገቢያው ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይሞላው ከባድ ፈተና መጣ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ከከሚሴ በስተደቡብ በካራቆሬ አካባቢ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንቦት 24 ቀን የደረሰው ዋናው መንቀጥቀጥ ከ6 በላይ መጠን ነበረው። ማጀቴ ክፉኛ ተጎዳች፤ በካራቆሬ ቤቶች ፈረሱ፤ መሬቱም መንገዱም ተሰነጣጠቀ። ተከታታዩ ንዝረት እስከ ክረምቱ መውጫ አላቋረጠም። ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ የታየው በወረቀት ላይ በተሰመረ አንድ መስመር ነው።

ያ መስመር ምን ያህል ይናገር እንደነበር ማስተዋል ያሻል። የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይልካል፤ አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ዘገምተኛ ነው። በሁለቱ መድረሻ መካከል ያለው ልዩነት በሰከንድ ተቆጥሮ በ8 ቢባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግርድፉ ይሰጣል፤ የ25 ሰከንድ ልዩነት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። የአንድ ጣቢያ መዝገብ ግን ርቀትን እንጂ አቅጣጫን አስተማምኖ አይናገርም። ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት ቢያንስ የሦስት ጣቢያዎች መዝገብ መገጣጠም ነበረበት፤ ሌሎቹ ጣቢያዎች ደግሞ ከአገር ውጭ ነበሩ። ስለዚህ ሥራው ገና ከጅምሩ የርቀት ግንኙነት ጥገኛ ነበር፤ የሚያገናኘውም ፖስታና ቴሌግራም ነበር። አባ ጉዋን መዝገባቸውን ከአሮጌ ዜና መዋዕልና ከተጓዦች ጽሑፍ ጋር አመሳክረው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አወጡ። ዛሬም የአካባቢው አደጋ ካርታ ሲሠራ በቅድሚያ የሚገለጠው ይኸው መጽሐፍ ነው።

እስከዚያው በቆላው በኩል ሥራው ቀጥሏል። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋር እምብርት የምትገኘው ሰርዶ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በእነ ሃሩን ታዚዬፍ የተመራው የፈረንሳይና የኢጣሊያ ቡድን አፋርን ከዳር እስከ ዳር እየዞረ የጂኦሎጂ ካርታዋን አዘጋጀ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረባው በሐዳር ደረቅ ገደል የድንቅነሽን አጽም አገኙ። የአለቱ ካርታ፣ የንዝረቱ መዝገብ፣ የአጽሙ ልኬት፣ ሁሉም በእጅ የሚሳልና በእጅ የሚሸከም ነበር።

በዚያው ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ የተለየ ችግር ይወለድ ነበር። ታላላቅ ኮምፒውተሮች በጥቂት ማዕከላት ብቻ ስለሚገኙ ተመራማሪው ስሌቱን ከሩቅ ይልካል፣ ውጤቱን በቁጥር ክምር ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በኤምአይቲ የተወጠነው ኤክስ ዊንዶው አንድ ፕሮግራም በአንድ ማሽን ላይ እየሠራ መስኮቱ በሌላ ማሽን ላይ እንዲታይ ፈቀደ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን አምስት የሱፐርኮምፒውተር ማዕከላትን አቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1986 በሰከንድ 56 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ መስመር አገናኛቸው። በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ብሩስ ማኮርሚክ፣ ቶማስ ደፋንቲና ማክሲን ብራውን ያዘጋጁት ሪፖርት ወጣ። ሪፖርቱ ማሽኖቹ የሚያመርቱትን ቁጥር የሰው ዓይን ሊከታተለው እንዳልቻለ፣ ቁጥርን ወደ ምስል መለወጥ ራሱን የቻለ ሙያ መሆን እንዳለበት አስረዳ። ሳይንሳዊ ቪዥዋላይዜሽን የሚባለው ዘርፍ ስሙንና በጀቱን ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚሁ ዓመት የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች ዊሊያም ሎረንሰንና ሃርቪ ክላይን በሕክምና ሲቲ ስካን ውስጥ ካሉት ነጥቦች የአጥንትን ገጽ አውጥቶ የሚስል ዘዴ አሳተሙ። ዘዴው የተፈለገው ለሆስፒታል ነበር፤ ከ20 ዓመት በኋላ የቅሪተ አካል ተመራማሪም የምድር ሳይንቲስትም የዕለት መሣሪያ ሆነ። ሎረንሰን ከዊል ሽሮደርና ከኬን ማርቲን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1993 ቪቲኬ የተባለውን የምስል መሥሪያ ኮድ መጻፍ ጀመረ፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ሆኖ ተለቀቀ።

ቀጥሎ የማሽኑ ዋጋ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1994 በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 16 ተራ ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ አያይዘው እንደ አንድ ማሽን እንዲሠሩ አደረጉ፤ ቤዎልፍ ብለው ሰየሙት። ክላስተር የሚባለው አሠራር የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ኤምፒአይ የተሰኘ መግባቢያ ደግሞ የክላስተሩ ኮምፒውተሮች ሥራን ተከፋፍለው እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ደንብ አበጀ። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል ሲሰረቅ ያየው ታቱ ኢሎነን ኤስኤስኤችን ጻፈ። ከሩቅ ማሽን ጋር የሚደረገው ንግግር ሁሉ እየተመሰጠረ እንዲያልፍ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ክላስተር፣ ኤምፒአይ፣ ኤስኤስኤችና ቪቲኬ በሁለት በሦስት ዓመት ልዩነት መወለዳቸው ለሚቀጥለው እርምጃ አስፈላጊውን ሁሉ አሟላ።

ኢትዮጵያ በዚህ ጊዜ በመስመር ጠባብነት ተይዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በስልክ መስመር ኢሜይል ያመላልስ ነበር። በ1989 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ ኢንተርኔትን ሲያስገባ አገሪቱን ከውጭ ያገናኘው መስመር በሰከንድ 256 ኪሎቢት ነበር። ይህ ለሳይንስ ምን ማለት እንደነበር በቀላል ሒሳብ ይታያል። የከርሰ ምድር ሞዴል በርዝመት፣ በስፋትና በጥልቀት አንድ አንድ ሺህ ነጥብ ቢኖረው ጠቅላላው አንድ ቢሊዮን ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ አራት ባይት ሲያዝ 4 ጊጋባይት ይሆናል። የአገሪቱ ሙሉ መስመር ለዚህ አንድ ፋይል ብቻ ቢለቀቅ እንኳ ማውረዱ 35 ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። ያውም የአንድ ቅጽበት ምስል ነው፤ ሞዴሉ በጊዜ ሲለዋወጥ መቶ ቅጽበት ቢኖረው መቶ እጥፍ ይሆናል።

መፍትሔው የመጣው መስመሩ ከመስፋቱ በፊት ነው፤ የሚላከው ነገር ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2000 የቪቲኬ ደራሲዎች ያቋቋሙት ኪትዌር ከሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ጋር ፓራቪውን መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያው ይፋዊ እትም በጥቅምት 2002 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዚያው ዓመት የሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ቪዚትን ለቀቀ። ሁለቱም ነፃ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ሐሳብ ላይ ቆመዋል፦ ከባዱ ዳታ ከተወለደበት ክላስተር አይነሳም፤ ምስሉ እዚያው ተሠርቶ የሚጓዘው ሥዕሉ ብቻ ነው።

የፓራቪው አሠራር ሦስት ክፍል አለው። ዳታ ሰርቨሩ ፋይሉን ከክላስተሩ ዲስክ ያነባል፣ ይቆርጣል፣ ገጽ ያወጣል። ሬንደር ሰርቨሩ ያንን ገጽ ወደ ሥዕል ይለውጣል። ክላየንቱ በተመራማሪው ላፕቶፕ ላይ ያለው መስኮት ነው፤ ትእዛዝ ይልካል፣ ሥዕል ይቀበላል። የክላስተሩ ሥራ ፈጻሚዎች ሞዴሉን ተከፋፍለው እያንዳንዱ የድርሻውን ቁራጭ ይስላል። ከሥዕሉ ጋርም እያንዳንዱ ነጥብ ከተመልካቹ ምን ያህል እንደሚርቅ ይመዘግባል። ከዚያ ሥዕሎቹ ይደራረቡና የቀረበው የራቀውን እየሸፈነ አንድ ሙሉ ምስል ይወጣል። ይህን መደራረብ በፍጥነት የሚሠራው ኬኔት ሞርላንድ በሳንዲያ ላቦራቶሪ የጻፈው አይስቲ የተባለ ኮድ ነው። የሚላከው ምስል 1,920 በ1,080 ነጥብ ቢሆን ሳይጨመቅ 6 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ተጨምቆ ከዚያ እጅግ ያንሳል። 4 ጊጋባይቱ ሞዴል 40 ጊጋባይት ቢሆንም የምስሉ መጠን አይጨምርም። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የወጣው ገጽ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ፕሮግራሙ ገጹን ራሱን ወደ ላፕቶፑ ልኮ እዚያ ይስለዋል፤ ከስንት ሜጋባይት በላይ በክላስተሩ ላይ ይሳል የሚለውን ገደብ ተጠቃሚው ይወስናል። ቀጭን መስመር ያለው ሰው ገደቡን ዝቅ ያደርጋል። ምስሉን በመዳፊት በሚያሽከረክርበት ጊዜ ጥራቱ ዝቅ ብሎ እንዲላክ፣ ሲያቆም ሙሉ ጥራቱ እንዲመጣም ማዘዝ ይችላል። እነዚህ ሁለት ማስተካከያዎች በአፋር ዳርቻ ባለ መስመር ላይ በሚሠራና በማይሠራ ሥርዓት መካከል ያለ ልዩነት ናቸው፤ ብዙ ጀማሪዎች ግን ሳይነኳቸው ያልፋሉ።

ግንኙነቱን መዘርጋት ከስሌቱ በላይ የሚያደክምበት ጊዜ አለ። ተመራማሪው በኤስኤስኤች ወደ ክላስተሩ መግቢያ ኮምፒውተር ይገባል፤ ለምሳሌ አራት የስሌት ኮምፒውተሮችን ለሁለት ሰዓት ይጠይቃል፤ ጥያቄው ተራ ይይዛል። ተራው ሲደርስ ሰርቨሩ በስሌት ኮምፒውተሩ ላይ ይነሳና በተለመደው 11111 ፖርት ላይ ይጠብቃል። ችግሩ የስሌት ኮምፒውተሮች ከውጭ የሚደረስባቸው አድራሻ የሌላቸው፣ በፋየርዎል የተከለሉ መሆናቸው ነው። አንዱ መንገድ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ክላየንቱ እንዲደውል ማድረግ ነው። በሞባይል ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድን የውጭ አድራሻ ከብዙ ሰው ጋር ስለሚጋራ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ አይደርሰውም። የሚያዋጣው በላፕቶፑ በኩል የኤስኤስኤች መተላለፊያ ከፍቶ፣ የራሱን 11111 ፖርት በመግቢያው ኮምፒውተር አሳልፎ ከስሌት ኮምፒውተሩ ፖርት ጋር ማገናኘት ነው። የክላየንቱና የሰርቨሩ እትም ካልተመሳሰለ ደግሞ ግንኙነቱ ገና በመጀመሪያው ሰላምታ ይቋረጣል። ቪዚት ይህን ሁሉ በአስተናጋጅ መግለጫ ፋይል ይይዛል፤ አንድ ጊዜ በትክክል ከተሞላ ከተራ መያዝ እስከ መተላለፊያ መክፈት ያለውን ራሱ ይፈጽመዋል።

እነዚህ መሣሪያዎች በወጡ በጥቂት ወራት ውስጥ ኢትዮጵያ ትልቅ የንዝረት ጥናት አስተናገደች። ኢግል በተሰኘው ፕሮጀክት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ፣ የአሜሪካ እንዲሁም የአውሮፓ ተመራማሪዎች በ1995 ዓ.ም. ወደ 1,000 የሚጠጉ መመዝገቢያዎች በስምጥ ሸለቆው ላይ ዘርግተው፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ እያፈነዱ ሞገዱ የምድር ቅርፊትን እንዴት እንዳለፈ ለኩ። መረጃው በዲስክ ተሸክሞ ወጣ። ስሌቱ ውጭ አገር ተሠራ፤ የቅርፊቱ መቆራረጫ ምስል በወረቀት ታትሞ ተመለሰ።

መስከረም 4 ቀን 1998 ዓ.ም. ከባቲ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ተነሳ። መስከረም 16፣ አገሩ ደመራ በሚያበራበት ቀን፣ ዳዑሬ በተባለ ቦታ መሬቱ ተከፍቶ አመድ ተፋ። ተመራማሪዎቹ አታላይ አየለ፣ ገዛኸኝ ይርጉ፣ ኤልያስ ሌዊና ሲንቲያ ኤቢንገር ወዲያው በሄሊኮፕተርም በመኪናም እየደረሱ አጠኑት። የክስተቱ ሙሉ ስፋት ግን የተገለጠው ከጠፈር ነው። ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ ያነሳቸው የራዳር ምስሎች ተነጻጸሩ። በእንዲህ ያለው ንጽጽር ላይ አንድ የቀለም ዙር 2.8 ሴንቲ ሜትር የመሬት እንቅስቃሴን ያመለክታል። በተመራማሪው ቲም ራይት የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ እስከ 8 ሜትር ተከፍቶ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ቅልጥ አለት እንደገባበት ታየ። የምድር ቅርፊት ሲከፈል በሳተላይት ከተለካባቸው ክስተቶች ሁሉ ትልቁ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 2010 ድረስ በዚያው መሥመር ተደጋጋሚ ስንጥቆች ተከተሉ።

ከዳባሁ በኋላ መመዝገቢያዎች በቆላውም በዳገቱም ለዓመታት ቆዩ። የመስክ ቡድኖች በየጥቂት ወሩ እየዞሩ ዲስኩን ይቀይራሉ፣ ባትሪውንና የፀሐይ ሰሌዳውን ይፈትሻሉ። መረጃው ወደ ሊድስና ብሪስቶል ክላስተሮች ሲደርስ ሞገዶቹ የዘገዩበትና የፈጠኑበት ቦታ እየተሰላ ከአፋር በታች ያለው ትኩስ አለት በሦስት አቅጣጫ ምስል ተሳለ። ስሌቱ ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ ምስሉን ለማየት ግን ዳታውን ማውረድ አላስፈለገም፤ ክላስተሩ ባለበት ይታይ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ባልደረባ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው የተመረጠ ሥዕል ነበር፤ ሞዴሉን በራሱ እጅ አሽከርክሮ በፈለገበት ቦታ ቆርጦ የማየት ዕድሉ ጠባብ ነበር። ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ምስሉን የሚቆርጠው ሰው ጥያቄውንም ይመርጣልና።

የሐዳር አጽምም በተመሳሳይ መንገድ አለፈ። ድንቅነሽ በአሜሪካ ጉዞዋ ላይ ሳለች እ.ኤ.አ. በ2008 በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለአሥር ቀናት በከፍተኛ ጥራት ሲቲ ስካን ተደረገች፤ ከ35,000 በላይ ቁርጥ ምስሎች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2016 የጆን ካፕልማን ቡድን በእነዚያ ምስሎች ላይ ተመሥርቶ ከከፍታ ወድቃ ሞታለች የሚል አከራካሪ ድምዳሜ አሳተመ። በዚያው ጊዜ የትከሻዋና የጉልበቷ ባለ ሦስት አቅጣጫ ፋይሎች ለማንም እንዲታዩ ተለቀቁ። ከሐዳር አጠገብ በዲኪካ ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን ያገኛት፣ ሰላም የተባለችው ሕፃን አጽም ደግሞ በግሬኖብል የሲንክሮትሮን ጨረር ተቃኘች። ጥርሷ ሳይሰበር የውስጥ የዕድገት መሥመሮቹ ተቆጠሩ፤ ስትሞት ዕድሜዋ 861 ቀናት ያህል እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2020 ተገለጸ።

በአገር ውስጥ መስመሩ እየሰፋ መጣ። ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ኔትወርክ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ሲያገናኝ ፋይበር ባልደረሰበት ሁሉ በሳተላይት ነበር የሚሄደው። ያ ሳተላይት ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚቆም አንድ ትእዛዝ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ኢሜይል ይህን አይሰማውም፤ ባለ ሦስት አቅጣጫ ሞዴል የሚያሽከረክር ሰው ግን እጁና ዓይኑ ይለያዩበታል። ፋይበር ይህን መዘግየት ከሩብ በታች ሊያወርደው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 ሲኮምና ኢሲ የተባሉት የባሕር ገመዶች የአፍሪካን ምሥራቅ ዳርቻ አገናኙ። ኢትዮጵያም በጎረቤት አገሮች በኩል ሰፊ መተላለፊያ አገኘች። በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ያለው ኢተርኔት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በአንድ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ማያያዙን ቀጠለ። ለባቲ ቅርብ የሆነው ወሎ ዩኒቨርሲቲም በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ተከፍቶ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎቹ ምሕንድስናና ሳይንስ ያስተምራል።

ሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ሴንቲኔል-1ኤ ወደ ህዋ ሲመጥቅ የራዳሩ ሥራ መልክ ተለወጠ። ኤንቪሳት በየ35 ቀኑ ይመለስ የነበረበትን ቦታ አዲሱ ሳተላይት በየ12 ቀኑ ይጎበኘዋል፤ ምስሎቹም ለማንም በነፃ ይለቀቃሉ። አንዱ ጥሬ ምስል ተጨምቆም 4 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን ግን ነፃ መሆኑ ብቻውን ለአዲስ አበባም ለኮምቦልቻም አልበቃም። የብሪታንያው ኮሜት ማዕከል ሊክሳር የተባለውን ሥርዓት ጃስሚን በተሰኘው፣ በራዘርፎርድ አፕልተን ላቦራቶሪ በሚገኘው ክላስተር ላይ ተከለ። የሳተላይቱ ማኅደር ከክላስተሩ ጎን ስለተቀመጠ ዳታው ሳይንቀሳቀስ ንጽጽሩ በራሱ ይሠራል፤ ተጠቃሚው የሚያወርደው የተጠናቀቀውን ነው። ፓራቪው ለሞዴል ያደረገውን ሊክሳር ለሳተላይት ምስል አደረገው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲንና ከሚሴን ሲያዳርስ የመገናኛ መስመሮች ተቋረጡ፤ የአካባቢው ተቋማትም ጉዳት ደረሰባቸው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆየ። መስመር በሚቋረጥበት ቦታ የፓራቪው የተለመደ አሠራር አንድ ድካም አለው፤ ክላየንቱ ሲለያይ ሰርቨሩም ሥራውን አቁሞ ይወጣል። ለሰዓታት የተጠበቀው ተራ ይባክናል፤ የተሠራው ቁርጥና ገጽ ይጠፋል። እንዲህ ባለ ሁኔታ የተሻለው ዘዴ በትንሽ ናሙና ላይ እይታውን አስተካክሎ በሁኔታ ፋይል ማስቀመጥ፣ ከዚያ ሙሉውን ሥዕል ያለ መስኮት እንዲሠራ ለክላስተሩ በትእዛዝ ጽሑፍ መስጠት ነው። መስመሩ ቢጠፋም ሥራው ይቀጥላል፤ ሲመለስ የሚወርዱት የተጠናቀቁ ሥዕሎች ናቸው። ሌላው አማራጭ ሙሉው ዴስክቶፕ በክላስተሩ ላይ እንዲኖር ቪኤንሲ በተባለው ዘዴ መጠቀም ነው፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥ መስኮቶቹ እንደተከፈቱ ይጠብቃሉ። ከእነዚህ ሁለቱ አንዱን የማያስተምር ሥልጠና በዚህ አካባቢ ላለ ተማሪ ጎደሎ ነው።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአፋር ስምጥ ደቡባዊ ጫፍ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ መሬቱ ተንቀሳቀሰ። ታኅሣሥ 26 ቀን ከ5.5 በላይ መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 የተለካው ተከተለ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው እንዲወጡ ተደረገ። የሴንቲኔል ንጽጽሮች ቅልጥ አለት ከፈንታሌ ወደ ዶፈን ተራራ አቅጣጫ ከመሬት በታች እየገሰገሰ መሆኑን አሳዩ። አታላይ አየለና ኤልያስ ሌዊ ለሕዝብ ማብራሪያ ሲሰጡ የቆዩት በአገር ውስጥ ጣቢያዎች መዝገብና በእንዲህ ያሉ ምስሎች ላይ ተመሥርተው ነው። ለአንዱ ንጽጽር የሚያስፈልጉት ሁለት ጥሬ ምስሎች በድምሩ 8 ጊጋባይት ያህል ናቸው፤ የወጣው የቀለም ካርታ ግን በስልክ የሚከፈት አነስተኛ ፋይል ነበር።

ባለ ሦስት አቅጣጫ ሞዴሉ አሁንም ከዚህ የከበደ ነው። አስፔክት የተባለው ነፃ ኮድ ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ በታች ያለውን ዘገምተኛ የአለት ፍሰት ያሰላል፤ ውጤቱን በቪቲኬ ፋይል አውጥቶ በፓራቪው ወይም በቪዚት እንዲታይ ያዘጋጃል። ስሌቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮሰሰሮችን ስለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በአብዛኛው የሚሠራው በትብብር በተገኘ የውጭ ክላስተር አካውንት ነው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለከፍተኛ አቅም ስሌትና ለትልቅ ዳታ የልህቀት ማዕከል አቋቁሟል። ኪትዌር በቅርብ ዓመታት ያወጣው ትሬም ደግሞ ክላየንቱን ወደ ድረ ገጽ ማሰሻ አዛውሮታል፤ በላፕቶፑ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ስለሌለ የእትም አለመመሳሰል ችግር ይቀራል፤ ከክላስተሩ ጋር ለመገናኘት ግን የኤስኤስኤች መተላለፊያው እንደበፊቱ ያስፈልጋል።